የሙስታንጓ ገመድ

አምቦ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሴ ፈይሳ፣ ኖርዌይ ላለሽው፤

እንደምን ከርመሻል? በረዶው ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው። ዓይኔን የጻፍኩት አንቺ ስለምትጠይቂ ነው እንጂ የሚያስጠይቅ ነገር ኖሮት አይደለም።

ይህን በስልክ መንገር ይቻል ነበር። ግን ስልክ ላይ ገና አፌን ስከፍት «አባባ ተው፣ አባባ ስማኝ» ትያለሽ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ጥፋተኛ ሆኜ የምቀረው እኔ ነኝ። ወረቀት አያቋርጠኝም። በአማርኛ መጻፌንም አትታዘቢኝ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የደርግ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የፓስተሩ ልጅ ናኦሚ ናት። ለትምህርት ወደዚያው ልትመጣ ነው። ምን እንደምትማር ጠይቄያት ነገረችኝ፤ አልገባኝም፤ ለእሷም የገባት አልመሰለኝም።

ወደ ነገሬ ልግባ። መኪናዋ፣ ሙስታንጓ፣ ተሸጣለች።

ደስ ይበልሽ። «ያቺ መኪና ግቢ ውስጥ እስካለች ድረስ እኔ አልመጣም፤ የምመጣው ለቀብርህ እንዲሆን አልፈልግም» አልሽ። ለአባት እንዲህ ይባላል? ይሁን፣ ተባለ። እናትሽን ከቀበርን ወዲህ እግርሽ ይህን ደጅ አልረገጠም። ለፋሲካ እንድትመጪ ብዬ ሸጥኳት እንጂ ጀቤሳ ስለከሰሰኝ አይደለም።

ጀቤሳን ታውቂዋለሽ። አጥሩ ከአጥራችን የተያያዘው፣ በሩ ከበራችን ቀጥሎ ያለው ጎረቤታችን። መቼም ሰው ሥራ ሲያጣ የሚሠራው አያጣም፤ ተነሥቶ የቆርቆሮ በሩን ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ሰማይ የመሰለ በር ማን ያያል? እኔ ቀስ ብዬ ነበር ወደ ኋላ የምወጣው። በሩ ነው የመጣብኝ። የተጎዳ ሰው የለም፤ አንድ ዶሮ ደነገጠች። እሱ ግን በሩን ጥሎ ስልክ አነሣና ለአንቺ ደወለ። ኖርዌይ ድረስ! ሽማግሌ ሰው እዚያው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲያሳብቅ ሰማሁት። «ኧረ አያይም፣ ልጄ፣ አያይም!» ይላል። እንደማላይ የት ዐወቀ? እሱ ራሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው።

እንግዲህ ልሸጥ ወሰንኩ። አንድ ነገር ግን በልቤ ይዤ ነበር።

አባቴ ፉፋ ካቺሲ ገበያ በሬ ሲሸጥ ገመዱን አይሸጥም ነበር። ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። አባቴ የእኛን ገመድ ከበሬው አንገት ይፈታና ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቤት ይመለሳል። ገመዱ ከበሬው ጋር ከሄደ የቤቱ በረከት ተከትሎ ይሄዳል ይላል። ፓስተሩ ይህን ቢሰማ ይገሥጸኛል፤ አንቺም ትስቂያለሽ። ሳቂ። እኔ ግን የዚህች መኪና ገመድ የቱ እንደሆነ ዐውቄያለሁ፤ የእናትሽ ወንበር ነው። መኪናዋ ትሂድ፣ ወንበሩን ፈትቼ አስቀራለሁ፣ ቤት ውስጥ መስኮቱ ሥር አደርገዋለሁ አልኩ።

ያንን ወንበር ስታፍሪበት ነው የኖርሽው። «የፀጉር ቤት መኪና» ይሉናል ብለሽ ከመናኸሪያው በእግርሽ ትመጪ ነበር። እኔ ደግሞ አላፈርኩም። እናትሽ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ እግሯ አልታጠፍ ሲል ባጃጆቹ ምን ያደርጓት እንደነበር አንቺ አላየሽም። እንደ ተጣጠፈ ፍራሽ ነው የሚከቷት። አንዱማ «እማማ፣ እግርዎን እቤት ትተውት ቢመጡ» አላት። ያን ዕለት ነው የተዘጋውን የፀጉር ቤት ወንበር ገዝቼ፣ እግሩን ቆርጬ፣ ከመኪናዋ ወለል ጋር በብሎን ያሠርኩት። የሙስታንግ በር ረጅም ነው፤ ሲከፈት ሰፊ ነው። ወንበሩን ወደ ውጭ ታዞሪዋለሽ፣ ቆማ እንዳለች ቁጭ ትላለች፣ እግሯን እንደዘረጋች መልሰሽ ወደ ውስጥ ታዞሪያታለሽ። መሐንዲስ አላማከርኩም። ወደ ፍል ውሃው ስንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስናቆም፣ ወንበሩ ሲዞር እናትሽ ለተሰበሰቡት ሴቶች «ተራ ያዙ! ቀጥሎ ማን ነው?» ትል ነበር። አመለሸጋ የሚለው ስሟ ብቻ አልነበረም።

ዋቅጋሪ ደላላውን ጠራሁት። ዋቅጋሪ መሬት ይሸጣል፣ ላም ይሸጣል፣ ጋብቻም ይሸጣል፤ የማይሸጠው ምላሱን ብቻ ነው፣ እሱን በነፃ ይሰጣል። «ኦቦ ፈይሳ፣ ይህቺ መኪና ታሪክ ናት! ከአዲስ አበባ ሰብሳቢ አመጣልሃለሁ» አለኝ። ሰብሳቢ ሲለኝ እኔ የዕቁብ ሰብሳቢ መስሎኝ ነበር። ለካ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው አለ። ሥራ ነው እንግዲህ።

መጣ። ፍጹም ይባላል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለቀበት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ በስልክ የሚቀርጹ ሁለት ጓደኞች ያስከተለ ልጅ ነው። «ፋዘር» ይለኛል። መቼ ወለድኩት? ኮፈኑን ከፈተና እንደ ሐዘንተኛ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ፋዘር፣ ሞተሩ የት ሄደ?»

«ይኸው።»

«ይሄ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ነው! ኦርጅናሉ ስምንት ሲሊንደር የት ሄደ?»

«ከአምቦ ጉደር ደርሶ ሲመለስ አንድ በርሜል ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ቀልቤ ላኑረው?»

ከዚያ ወደ ሥር ጎንበስ አለ። ባሌስትራውን አየ። ከፍ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ የቀድሞ ባለቤቷ፣ ያ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በደርግ ጊዜ አሜሪካኖች ሲባረሩ ትቶልኝ ሲሄድ ሆዷ ድንጋይ ይልስ ነበር። ጣሪያዋ ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አየ፤ ላዩ ላይ ስንት የጤፍ ጆንያ እንደጫንኩ አልነገርኩትም። የአውቶቡስ ክላክሷን ሰማና ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ለስልኩ መናገር ጀመረ። ለእኔ አይደለም የሚናገረው፣ ለስልኩ። «ተመልካቾች፣ ይሄ ወንጀል ነው። ግን አትጨነቁ፣ ሁሉንም አውልቀን ወደ ነበረችበት እንመልሳታለን።»

«የነበረችበት የት ነው?» አልኩት።

«ማለት ፋዘር፣ እንደ ተሠራችው። እንደ አሜሪካ።»

«አሜሪካ የኖረችው ጥቂት ነው። እዚህ ያረጀችው ነው የሚበዛው። ወዴት ነው የምትመልሳት?»

ሳቁ። ይሁን፣ በሳቅ አልሞትም። በኋላ አንዱ ጓደኛው የእናትሽን በር ከፈተ። ወንበሩን ሲያይ ጮኸ። ሁለቱም ሮጠው መጡ። ፍጹም ያን ነጭ ጫማውን ወንበሩ ላይ ጫነና በእግሩ አሽከረከረው። «ይሄንንማ መጀመሪያ ነው የምንጥለው» አለ። ተሽከረከረ፣ ሳቁ፣ ቀረጹ።

ለሊሴ፣ እኔ አልተማታሁም። ፓስተሩ የሰማው ውሸት ነው። ክላክሱን ብቻ ነው የነካሁት። ፍጹም ጭንቅላቱን ኮፈኑ ውስጥ መልሶ አስገብቶ እንደነበረ ረስቼ ነው።

ዋቅጋሪ በሩ ላይ ቆሞ ሲወጡ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ። «ኦቦ ፈይሳ፣ አንተ መኪና ነው የምትሸጠው ወይስ ሴት ልጅ ነው የምትድረው?»

«ልጄን የዳርኳት ሳልጠየቅ ነው። በመኪናዬ እንኳ ልጠየቅ እንጂ» አልኩት። ባልሽን ሰላም በይልኝ።

ከእሱ ቀጥሎ ከጊንጪ የሠርግ መኪና አከራይ መጣ። ሌንጮ ይባላል። ነጭ ቀለም ቀብቼ፣ ዙሪያዋን አምፖል አድርጌ፣ ጣሪያዋን ቆርጬ ሙሽሮች ቆመው እጃቸውን እንዲያውለበልቡ አደርጋለሁ አለኝ። ደንዲ ሐይቅ ወስጄ አሳያቸዋለሁ አለ። ጣሪያዋን ይቆርጣል፣ ሰምተሻል? ያንን እያለኝ ደግሞ «አሁን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ ይቺ እኮ ቁራጭ ብረት ናት፣ ዋጋ ቀንስ» ይለኛል። የኤሌክትሪኩን አይቻለሁ። ድምፅ የለውም፤ እንደ ሌባ ከኋላሽ ይመጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ባለቤቱ ሠፈር ለሠፈር ሶኬት ይለምናል። ሌንጮን ውሃ አጠጥቼ ሸኘሁት። ከዚያ በላይ አልተገባውም።

ዋቅጋሪ ከዚያ በኋላ መምጣት ተወ። ፋሲካ እየቀረበ ነው፣ መኪናዋ እንደቆመች ናት። አንቺ ደግሞ በስልክ «ተሸጠች?» እንጂ «እንዴት አደርክ?» ማለት ትተሻል። ወንበሩን ቀድሜ ልፍታው፣ ከዚያ ለፈለገው ቁራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ልስጣት አልኩ። ብሎኖቹን ዘይት አጠጣኋቸው። ቁልፍ ይዤ በሩን ስከፍት ነው የአይሱዙ ጡሩምባ ደጃፌ ላይ የጮኸው።

ጅሩ ይባላል። የባኮ የበቆሎ ነጋዴ ነው፤ የምትሸጥ መኪና አለች ሲባል ሰምቶ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ባለጌ አይቼ አላውቅም። ሰላምታውን ሳይጨርስ ጎማ ይረግጣል። በሁለት ስልክ ባንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ባንዱ በኦሮምኛ፣ ባንዱ በአማርኛ፣ በሁለቱም ይሳደባል። በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ መኪናዋን ዞራት።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ትራክተር?»

«አንተ ነጋዴ ነህ ወይስ ወፍጮ?»

«ባኮ ውስጥ ማንም የላትም። ለስም ነው የምፈልጋት፣ ሌላ ጥቅም የላትም። ዋጋውን በዚያው ልክ ይንገሩኝ።»

ይህን ሰው ሌላ ጊዜ ቢሆን በክላክስ ነበር የምሸኘው። ግን ከአይሱዙው ጋቢና የሴት ድምፅ መጣ። «አንተ ጅሩ! እዚህ እንደ ቲማቲም ልብሰል ነው?»

እናቱ ናት። ጉልበቷን ለማሳየት አምቦ ሆስፒታል አምጥቷት ነው። ሄዶ አወረዳት። አወራረዱን ላውራሽ። ያ ሁሉ አፍ፣ ያ ሁሉ ትከሻ፣ አንድ እጁን ከሥሯ አድርጎ ሌላውን መዳፉን አናቷ ላይ ከደነ፣ የጋቢናው ብረት እንዳይመታት። አንዱ ስልክ ጮኸ፤ አላነሣውም። ይህን ለባለጌነቱ ማካካሻ አላደርግለትም፤ ያየሁትን ግን አየሁ። ዓይኔ ደህና ነው ብዬሻለሁ።

አሮጊቷ ቆመች። አንድ እግሯ እንደ እንጨት ቀጥ ብሏል። ስሟ ኡርጌ ነው። በኦሮምኛ ነው ያወራነው፣ ወደ አማርኛ የማዞረው እኔ ነኝ። ጅሩ በርጩማ ፍለጋ ዞር ዞር አለ። በርጩማ ላይ እንዴት ትቀመጣለች? ደደብ። በሩን ከፈትኩ፣ ወንበሩን ወደ ውጭ አዞርኩ፣ «አዴ ኡርጌ፣ እዚህ» አልኳት።

ወንበሩን አየችው። እኔን አየችኝ። ቁጭ አለች። ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ አዞርኳት፣ ያ እግሯ ምንም ሳይነካ ገባ። በመኪናዋ መስታወት ፊቷን አየችና፣

«ፀጉሬን ነው ወይስ ፂሜን የምትላጨኝ?» አለች።

ለሊሴ፣ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። የበሩ ማጠፊያ ዘይት እንደሚፈልግ እያሰብኩ ነበር።

እሷ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «አነጋገርህ የባኮ አይደለም፣ የአምቦም አይደለም» አለችኝ።

«የካቺሲ ነኝ።»

«እኔም እዚያው ጊንደበረት ነው የተወለድኩት። ባል ነው ወደዚያ ሙቀት ያወረደኝ።» ከዚያ ዙሪያዋን እያየች፣ «ታዲያ የካቺሲ ሰው ከሆንክ ገመዱስ?» አለች።

ጅሩ ሣቀ፤ እናቱን «አዮ» ነው የሚላት። «አዮ፣ መኪና ምን ገመድ አለው?»

«አንተ ዝም በል፣ የበቆሎ አፍ! አባትህ ወይፈን ሲሸጥ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የሚመጣው። ይህ ሰው ያውቀዋል፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ገመዱን ያስቀራል። የቱ ነው?» አለችኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ክላክሱ ነው ብላት ትቀበለኝ ነበር። «ተቀምጠሽበታል» አልኳት።

እጇ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ነበር። አነሣችው።

«የማን ነበር?»

«የባለቤቴ። እግሯ እንዳንቺ ነበር።»

«ጅሩ፣ አንሣኝ።»

«አዮ፣ ገና አሁን እኮ ነው የተቀመጥሽው...»

«አንሣኝ አልኩህ! የሰው ገመድ ላይ አልቀመጥም።»

ጎንበስ አለ፣ እንደ ቅድሙ እጁን ከሥሯ ሊያደርግ። በሩን አልለቀቅሁለትም። ኪሴ ውስጥ የብሎኑ መፍቻ አለ፤ ክብደቱ ይሰማኛል። ፈትቼው መስኮቱ ሥር ባደርገው ማን ይቀመጥበታል? እኔ? እኔ እግሬ ይታጠፋል።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«አንተስ? ለአንተ ምን ይቀርልሃል?»

«የጀቤሳ በር።»

የቱ በር እንደሆነ አላወቀችም፤ ሳቀች ግን። ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ወደ ጅሩ ዞርኩ። «ስማ፣ አንተ። በዋጋው እንነጋገራለን። ግን ይህን ወንበር ያወጣህ እንደሆነ ባኮ ድረስ እመጣለሁ።»

«በምን?» አለኝ። ባለጌ ነው አላልኩሽም?

«በእግሬ።»

ከአፉ ስንጥሩን አወጣ። ያኔ ብቻ ነው እንደ ሰው ያየኝ። «አይወጣም፣ ኦቦ» አለ። ስለ ዋጋው አልጽፍልሽም፤ ስለ ገንዘብ በደብዳቤ አይወራም። ጨካኝ ነው፣ ግን ከፈለ፤ ባንክ ገብቷል። ሊብሬውን ሰጠሁት።

ሊሄዱ ሲሉ ኡርጌ እንደገና ጮኸች። ገመድ የወሰደ ሰው እንዲሁ አይሄድም አለች። ጅሩን ከቧንቧው ሥር እርጥብ ሣር እንዲነጭ ላከችው። ያ ትልቅ ሰውዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ በዚህ በበጋ አረንጓዴ ሣር ሲፈልግ ብታይው! እፍኝ ሙሉ አመጣ፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ተቀበለችውና መዳፌ ውስጥ አድርጋ ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋች። «ግቢህ ሰው አይጣ። የወጣው ይመለስልህ» አለች። አሜን አልኩ። ፓስተሩ አልነበረም።

ጅሩ ሙስታንጓን አስነሣ፣ አብሮት የመጣው ሾፌር አይሱዙውን። ጅሩ ካምቢዮውን ሲያስገባ አንገጫገጨው፤ እጁ የሱቅ እጅ ነው። ደጅ ቆሜ ሸኘኋቸው። ክላክሱን ነፋ። ቶሎ ከዓይኔ ጠፉ፤ ጀቤሳ በር ሳይደርሱ ጠፉ። አቧራው ነው። ድምፁን ግን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሰማሁት።

አሁን ግቢው ሰፊ ሆኗል። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ሣር አይበቅልም፣ ዘይት ጠጥቷል። ጀቤሳ ትናንት መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ደህና አደረግክ ፈይሳ» አለኝ። ማን ጠየቀው? የበሩን ማሠሪያ እከፍላለሁ አልኩት፣ ቀለሙን ከቀየረ።

አባቴ ፉፋ ቢኖር ገመዱን አብሮ የሸጠ ሞኝ ይለኝ ነበር። ይበል። እኔ የአንቺን ቃል አክብሬያለሁ፤ አንቺም ቃልሽን አክብሪ። ሣሩን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን እዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌልሻለሁ። እስኪደርስ ይደርቃል፣ ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትጥይው። ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽው ተመለሺ።

መናኸሪያው ድረስ መጥቼ አልቀበልሽም፣ በምን እመጣለሁ? ባጃጅ ያዢ። የእኛ በር አረንጓዴ ነው፣ አልቀየርኩትም። እኔ ደጅ እቆማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከባጃጁ ስትወርጂ ከሩቅ ጥሪኝ። «አባባ» በይ። ዓይኔ ምንም አልሆነም። ድምፅሽን ቀድሜ ልስማ ብዬ ነው።

ብርዱ አይግባሽ። የሄድሽበት መንገድ ወደዚህም ይምጣ። የእናትሽ አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ፤ የባልሽንም ይጠብቅ፣ ባይጠይቀኝም።

አባትሽ
ፈይሳ ፉፋ